ሽማግሌን ስለ ማክበርና ምክሩን ስለ መጠየቅ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ለማንኛችሁም አዲስ አይደለም። ሽማግሌን ማክበር እንደሚገባ ገና በእናቱ ጉያ ሳለ ያልተነገረው፣ የአባቱ ጓደኛ ሲገባ «ከመቀመጫህ ተነሥ» ያልተባለ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ስለዚህ «ሽማግሌን አክብሩ» ብዬ ብጀምር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ የመጣሁት ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው። ይኸውም፣ እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ሽማግሌን እናከብራለን ስንል በእርግጥ የምናከብረው ምኑን ነው? ሽበቱን ነው ወይስ ሽበቱ እስኪመጣ ድረስ ያየውንና የተማረውን? የሚል ነው።

ሁለት ቦታዎችን በሐሳባችሁ እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። አንደኛው በጎንደር ከተማ የሚገኝ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ ቤት ነው። ቀኑ በዓል ነው፤ ቤተ ዘመድ ተሰብስቧል፤ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው በደጃፍ ብቅ ይላሉ። በዚህ ጊዜ ትልቁም ትንሹም «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ እርሳቸውም «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡታል። ከላይኛው መቀመጫ ይቀመጣሉ፤ የእጅ ውሃ በቅድሚያ ለእርሳቸው ይቀርባል፤ እርሳቸው ባርከው ካልቆረሱ በቀር ማንም እጁን ወደ መሶቡ አይሰድም። ከሁሉም ይልቅ ጎንበስ ቀና ሲል የሚታየው የቤቱ ጌታ ነው።

ሁለተኛው ቦታ የዚያው ሰው ቢሮ ነው፤ ጊዜውም ማግሥቱ ነው። ከጃን አሞራ ተራራ የተነሡ ሌላ ሽማግሌ ከፊሉን መንገድ በእግራቸው ወርደው፣ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ በአውቶቡስ ተጉዘው ከበሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን አስተካክለው እጅ ይነሣሉ። ትናንት «ኖር!» ብሎ የተነሣው ሰው ግን ዛሬ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ «ምን ነበር?» ይላል፤ ቃላቸውን ሳይጨርሱም «ነገ ይመለሱ» ብሎ ያሰናብታቸዋል። ለእርሱ ነገ አንድ ቀን ነው። ለእርሳቸው ግን ነገ ማለት የማደሪያ ኪራይ፣ የምግብ ዋጋ፣ ከብቱንና አዝመራውን ጥሎ መቅረት ነው። ያን ሰው ክፉ ነው አልልም። ትናንት ያከበረው ከልቡ ነው፤ ነገር ግን ክብር ማለት የቤትና የበዓል ሥርዓት ብቻ ስለ መሰለው፣ ቢሮው ሲገባ ከካፖርቱ ጋራ አውልቆ ይሰቅለዋል።

ይህን በሌላው ላይ ለመፍረድ አልተናገርሁም፤ እኔ ራሴ ከዚህ የባሰ አድርጌአለሁና። ታሪኩንም ሳልሸሽግ ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝሁበት ጊዜ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግድም በምትገኝ አንዲት የደጋ ቀበሌ የዘር እህል ማስቀመጫ መጋዘን ሊሠራ ታሰበና ቦታ እንድመርጥ ታዘዝሁ። ጊዜው በጋ ነበር። ለመንገዱ ቅርብ የሆነ፣ ድልድል ያለ፣ አረንጓዴ ሣር የለበሰ መስክ አገኘሁ፤ በአጠገቡም በድንጋይ ላይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ትንሽ ጅረት ነበር። ሜትሬን ዘርግቼ ስለካ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ይህ መሬት የወንዙ ነው፤ ለጊዜው አዋሰን እንጂ አልሰጠንም» አሉኝ።

እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «አባቴ፣ አንቱ አያስቡ፤ ጉዳዩ በባለሙያ ተጠንቷል» አልኋቸው። ባለሙያው እኔ ነበርሁ፤ ጥናቱም የዚያን ቀን ጧት የተደረገ ነው። ሽማግሌው ጥቂት አዩኝና «መልካም፣ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ። ልብ በሉ፤ በልማዳችን መሠረት ለሽማግሌ የሚገባውን ሁሉ አድርጌላቸዋለሁ። አባቴ ብያለሁ፤ አንቱ ብያለሁ፤ ባርኔጣዬን አውልቄአለሁ። ያላደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከምን ዐወቁት?» ብዬ አልጠየቅሁም።

መጋዘኑ ተሠራ። ሁለት ክረምት በደኅና አለፈ። በሦስተኛው ክረምት፣ በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በላይኛው ተራራ ላይ ወረደና ያ ትንሽ ጅረት አሮጌ መንገዱን ፈልጎ መጣ። ግድግዳው ቢተርፍም ውሃው ከውስጥ ገብቶ የዘሩን ገብስ አራሰው። ለብዙ ቤተ ሰብ የተቀመጠ ዘር ከነጆንያው ሻገተ፤ ገሚሱም እዚያው በቀለ። ሲነጋ ደርሼ የማደርገው ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለሁ፣ እነዚያ ሽማግሌ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡና ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገብተው ጆንያ ማውጣት ጀመሩ። «ነግሬህ አልነበረምን?» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እርሳቸው ዝም ሲሉ ጊዜ ይበልጥ አፈርሁ።

የዚያን ቀን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ዶማ ተቀብለው ሣሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፈሩና ከሥሩ ድንጋይ አወጡ፤ ድንጋዩ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ነው። «ድንጋይን እንዲህ የሚያሸው ማነው? ውሃ አይደለምን? ደግሞም እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ፣ በዚህ መስክ ላይ ያደሩ ከብቶች በአንድ ሌሊት መወሰዳቸውን ነግሮኛል» አሉኝ። መልሱ አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ የሚያልቅበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀም። እንግዲህ የእርሳቸው ምክር ሕልም ወይም ግምት አልነበረም፤ በዓይን የታየ ማስረጃና ካለፈው ትውልድ የተላለፈ ምስክርነት ነበር። እኛ በትምህርት ቤት ምርምር የምንለው ከዚህ ሌላ ምንድነው?

የታሪኩ ፍጻሜ ግን ይህ አይደለም። ወደ ቢሮዬ ተመለስሁና ለበላይ የሚቀርበውን ሪፖርት ጻፍሁ። «ባልታሰበ የጎርፍ አደጋ ምክንያት» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁበት። አለቃዬ ተቀበለው፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያች «ባልታሰበ» የምትለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ትከተለኛለች። ጎርፉ ታስቦ ነበርና! ስሙ በሪፖርቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ሰው በበትሩ መሬቱን መትቶ ነግሮኝ ነበር።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የእኔ ጥፋት በዘር እህል አበቃ። የልምድ ምክር ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ጉዳቱ የሰው ሕይወት እስከ መሆን ይደርሳል። ለዚህም የወባን ነገር እንመልከት።

የወገራና የዳባት የደጋ ሽማግሌ ልጁ ወደ አርማጭሆ ወይም ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ከጥንት ጀምሮ የሚመክረው ምክር አለ። «ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ገና ሳይደርቅ ቆላ አትደር። ቀን ሥራህን ሥራ፤ ሲመሽ ወደ ከፍታው ውጣ። ጎጆህን ከረግረግ አርቅ» ይለዋል። ለምን ብለው ሲጠይቁት ደግሞ «የቆላው አየር መጥፎ ነው፤ ንዳድ ያመጣል» ብሎ ይመልሳል። የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ሊስቅ ይችላል፤ አየር ንዳድ አያመጣምና። ነገር ግን አየሩን የከሰሰው የእኛ ሽማግሌ ብቻ አልነበረም። አውሮፓውያንም ለብዙ ዘመን እንደዚሁ ያምኑ ስለ ነበር፣ ማላሪያ የሚለው የኢጣልያ ቃል ራሱ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ሲመራመር የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በነሐሴ 1889 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው ይበልጡን በሌሊት ነው፤ የምትፈለፈለውም ዝናብ በተወው ኩሬ ነው፤ በአገራችንም በሽታው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ነው። ሌሊቱን፣ ውሃውንና ወራቱን ሽማግሌው አስቀድሞ ለይቶ ነበር። ምክንያቱን ስቷል፤ ምክሩን ግን አልሳተም።

በጎንደር አጠገብ ያለው የደምቢያ ሜዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በወባ ወረርሽኝ ተመትቶ 7000 ያህል ሰው እንደ ሞተበት ተገምቷል። ከዚያም ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ በብዙ የአገራችን ክፍል የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳሞ 150000 ያህሉን እንደ ገደለ ተጽፏል። በዚያ ዓመት ዝናቡም ሙቀቱም ከልክ በላይ ስለ ነበረ፣ በሽታው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቶ፣ ወባን የማያውቀውን የወይና ደጋ ሰው ፈጀው። እዚህ ላይ የሽማግሌው ምክር ብቻውን አልበቃም፤ ትንኟ ወደ ከፍታው ስትወጣ የሐኪሙ ዕውቀት አስፈለገ። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሆነው ተቋም መሠረት የሆነው ማለት ነው፣ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ በየገጠሩ ያሰማራው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነበር። እንግዲህ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሽማግሌው መቼና የት እንደሆነ ያውቃል፤ ባለሙያው ለምን እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ቢቀር ጎዶሎ ነው።

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። የደጋው ወጣት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሲወርድ የኖረ ነው፤ በዚያም ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛርም አለ። ሠራተኛን የሚያሰማራ ሹም ስንት ጉልበት እንደሚያስፈልግ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ጉልበት የት እንደሚያድር አስቦ አጎበር ማዘጋጀት አለበት። የደጋው ሽማግሌ የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ታድራለህ?» የሚል ነበርና።

የልምድ ምክር ደግሞ ከሕያው ሰው አፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከሞቱት አባቶች ሥራም ይነበባል። ጎንደር የምንኖር ሁሉ በየቀኑ የምናልፍበት የፋሲል ግቢ ለዚህ ምስክር ነው። ግንቦቹን የሠሩት ሰዎች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከዚያም ተከድኖ ይቆያል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተጎዱት ግንቦች ሲጠገኑ ግን ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ተጨመረባቸው። ሲሚንቶ በራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ዛሬ የምንሠራበት ቢሮ የቆመው በእርሱ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ ጠንካራና ውሃ የማያስተነፍስ ስለ ሆነ፣ በኖራ ለተሠራ አሮጌ ግንብ አይስማማውም፤ እርጥበቱን ከውስጥ ይዞ ድንጋዩን ይጎዳል። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህም የተደረገው ጥገና የቀድሞውን ስሕተት በከፊል አርሞ ወደ ጥንቱ ኖራ ተመልሷል። አዲስ ነገር የያዘ ሰው አሮጌውን ሥራ ከመንካቱ በፊት «ይህ ሥራ እስከ ዛሬ በምን ቆመ?» ብሎ ሊጠይቅ እንደሚገባው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ግንቡስ ድንጋይ ነውና ቆይቶ ጠበቀን። በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ያለው ዕውቀት ግን አይጠብቅም። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቱን ባቃጠሉ ጊዜ ስንት መጽሐፍ አብሮ ነደደ! የጎንደር በአታ ዝነኛ የሆነችበት የአቋቋም ትምህርት ግን አልጠፋም፤ በመምህራኑ ልብ ነበረና፣ ከእነርሱም ተማሪዎች እየጠየቁ ተቀብለውት ነበርና። ዕውቀቱን ያተረፈው የሽማግሌዎቹ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የወጣቶቹ መጠየቅ ጭምር ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ምንጭ፣ ስለ ድንበርና ስለ ዘር የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ቢሞት ግን ያለ እሳት የተቃጠለ መጽሐፍ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል «ታዲያ ሽማግሌ ያለው ሁሉ ይፈጸም ማለትህ ነውን?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ዕድሜ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ልጃገረዶችን አካላቸው ሳይጠና መዳር በደጋችን ለብዙ ዘመን አባቶች የተስማሙበት ልማድ ነበር፤ ስንት እናት በወሊድ እንደ ተጎዳችበት ሐኪሞች ያውቁታል። ሕጋችን 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ እንዳይፈጸም ከልክሏል፤ የመንግሥት ሠራተኛም «ሽማግሌዎች ተስማምተውበታል» ብሎ ሕጉን ሊያላላ አይገባውም። ነገር ግን እዚህም ላይ ሽማግሌውን ማለፍ አይቻልም። ልማዱን ያጸናው ቃል የእርሱ ስለ ነበረ፣ ልማዱን የሚያስተወውም ቃል የእርሱ ነው። ስለዚህ ሳይንቁት ቀርቦ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ እርሱም የሚለውን ሰምቶ፣ የሕጉ ጠበቃ እንዲሆን ማድረግ ይሻላል።

ሽማግሌም ቢሆን ይመከራል። የጎንደር ከተማ አመጣጥ ራሱ ይህን ያስተምረናል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት አድርገው በዐወጁ ጊዜ፣ መነኮሳትና መኳንንት ደጋግመው መክረዋቸው ነበር፤ አልሰሙም። «ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንደሚባለው፣ በ1624 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ወደ 8000 የሚሆን የገዛ አገራቸው ሰው በአንድ ቀን ወደቀ። በዚያን ጊዜ ልጃቸው ፋሲልና ሹማምንቱ፣ የወደቁት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወንድሞቻችን ናቸው ብለው ንጉሡን ለመኗቸው። ሱስንዮስም በሰኔ ወር እያንዳንዱ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲኖር ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ልጃቸው ፋሲልም ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም.፣ ጎንደርን ቆረቆሩ። እነሆ ሽማግሌው የልጁን ምክር ሰማ። ቢዘገይም ሰማ። ምክር ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ውሃ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ከታች ይመነጫል። «እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ነበር» በማለት ብቻ ወጣቱን ዝም የሚያሰኝ አረጋዊ ካለ እርሱም የሱስንዮስን ታሪክ ያስታውስ።

እንግዲህ መስማትን ከማን እንማር? ከእነዚያው ከሽማግሌዎቹ ነው። በጎንደር ደጋ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ሰቦች ሲታረቁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አስታራቂዎቹ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ አይሰጡም። ወደ ሟች ወገን ይሄዳሉ፤ ይሰማሉ። ወደ ገዳይ ወገን ይመለሳሉ፤ ይሰማሉ። «እምቢ» ሲባሉ ይቀመጣሉ፤ ሲሰደቡም ይመለሳሉ። በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በመጨረሻ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቀርብ፣ ካሳው ሲቆረጥ፣ መሐላው ሲፈጸም የሚታየው ሥነ ሥርዓት የፍጻሜው ቀን ብቻ ነው፤ ዋናው ሥራ የተሠራው በመስማት ነው። እኛ ግን ባለጉዳዩ ሦስት ቃል ሳይናገር የመመሪያውን ቁጥር እንጠራለን። መመሪያ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መመሪያው የሚሠራው ጉዳዩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤታችን ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች ላመልክታችሁ። እነዚህም አዲስ በጀት የማይጠይቁ፣ ከበላይ ፈቃድ የማያስፈልጋቸው ናቸው።

መጀመሪያ፣ አረጋዊ ባለጉዳይ ሲገባ መቀመጫ ይሰጠው። በቤታችን «ኖር!» የምንለው ቃል በቢሮአችንም ቦታ ይኑረው። ጉዳዩ ዛሬ የማያልቅ ከሆነም በደፈናው «ነገ» ከማለት፣ በምን ቀን፣ ከማን ዘንድ፣ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በግልጽ ይነገረው፤ የሽማግሌ ጉልበት በከንቱ አይመላለስ።

ሁለተኛ፣ መሬትን፣ ውሃን፣ መንገድን ወይም የሰውን ኑሮ የሚነካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቦታው ያሉ ዐዋቂዎች ይጠየቁ። ጥያቄዎቹም ሁለት ናቸው፤ «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል?» እና «ከምን ዐወቁት?» የሚሉ። የመጀመሪያው ልምዱን ያወጣል፤ ሁለተኛው ልምዱን ከወሬ ይለያል። ስንጠይቅም እናቶችን አንርሳ። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ነገር ግን የትኛው ገብስ ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ዘር በጎታ ሳይነቅዝ እንደሚከርም ለይታ የምታስቀምጠው ባልቴቷ ናት።

ሦስተኛ፣ የተባለው ነገር በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ምክሩን ብንቀበለውም ባንቀበለውም ይጻፍ፤ ያልተቀበልነው እንደ ሆነ ያልተቀበልንበት ምክንያት ይጻፍ። በወረቀት ላይ የሠፈረ ምክር ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ሠራተኛ ይጠቅመዋል፤ እኛንም «አልታሰበም» ከማለት ይጠብቀናል።

አራተኛ፣ ልምድ የሚገኘው በገጠር ብቻ ነው ብለን አንታለል። በየመሥሪያ ቤቱ ጡረታ ወጥቶ በቤቱ የተቀመጠ የመዝገብ ቤት ሹም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም መሐንዲስ አለ። የትኛው ውል ለምን እንደ ፈረሰ፣ የትኛው ድልድይ ስንት ጊዜ እንደ ተጠገነ ያውቃል። በተሰናበተበት ቀን ስጦታ ሰጥተን፣ ንግግር አድርገን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ሸኝተነዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩን አንኳኩተን አናውቅም። የሰውን ዕድሜ ሙሉ ልምድ በአንድ ስጦታ ሸኝቶ መርሳት ለመንግሥት ሥራ ታላቅ ኪሳራ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ወደ ጀመርሁት ልመለስና ልፈጽም። ያ መሬቱን በበትራቸው መትተው የመከሩኝ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔም ሪፖርቱን ሳላርም፣ ይቅርታም ሳልጠይቅ ጊዜው አለፈኝ። እኔ የፈረምሁበት ወረቀት ግን በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ሳይኖር አይቀርም፤ «ባልታሰበ የጎርፍ አደጋ» እያለ ይኖራል። እውነቱን የተናገረው ሰው አለፈ፤ እውነት ያልሆነው ቃል በማኅተም ተደግፎ ቀረ። ይህን ንግግር ያደረግሁት ያችን አንዲት ቃል በአደባባይ ለማረም ነው። «ባልታሰበ» የተባለው ይሰረዝና «ሳይጠየቅ በቀረ» ተብሎ ይነበብልኝ።

እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ። ነገ ጧት ቢሯችሁ ስትገቡ ከበሩ አጠገብ ጋቢ የለበሰ፣ በትር የያዘ አንድ ሰው ቆሞ ይሆናል። ከመቀመጫችሁ ብትነሡለት መልካም ነው። አስቀምጣችሁ ብትጠይቁት ግን ያን ጊዜ በእውነት አከበራችሁት ይባላል።